የባለ ፋኖሱ ዜማ

እስራኤል የሞተው አኮርዲዮኑን ታቅፎ ነው፤ ያየው ሰው ሁሉ እንደዚያ አለ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። ከጆሮው ጀርባ የወረደው ደም ኮሌታው ላይ ደርቋል። እግሩ ሥር ጥቅል ጎመን የሚያህል ድንጋይ ተጋድሟል፤ ዙሪያውን የመስኮት መስታወት ስብርባሪ።

ድንጋይ በዚያ ቀን ብርቅ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ በዚያ ሐሙስ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል እስከ ጫንጮ መንገዱ ላይ የተደረደረው ድንጋይ ቢሰበሰብ ሦስት ካቴድራል ተሠርቶበት ለአጥር ይተርፍ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለውን «ማስተር ፕላን» የማያውቅ ጡት የሚጠባ ሕፃን እንኳ በሱሉልታ አልቀረም። ሚኒባስ ቆሟል፤ ሱቅ ተዘግቷል፤ መብራት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የለም። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሰልፈኛው በኦቦ ኢተፋ ግቢ ፊት አለፈ። አራት ከሩብ ላይ እስራኤል ሞቶ ተገኘ። አምስት ሰዓት ላይ የኦቦ ኢተፋ ልጅ ባይሳ ድንጋዩን ወርውረሃል ተብሎ ተያዘ።

ኢንስፔክተር ጠጅቱ ቢቂላ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በእግሯ ደረሰች። ይቺ ሴት በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ ያልፈታችው ጉዳይ የለም ሲባል ሰው ወሬው የተጋነነ ይመስለዋል። እንዲያውም ተቀንሷል። አንዴ የጠፋ በሬ ፈልጊ ተብላ ተልካ በሬውንም፣ ሌባውንም፣ ሌባው ከሰባት ዓመት በፊት ከሌላ ቀበሌ የሰረቀውን ጃንጥላም ይዛ ተመልሳለች። ዓይኗ ትንሽ ነው፤ ያልገባበት የመርፌ ቀዳዳ ግን የለም።

ገና በሩ ላይ እንዳለች ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ድንጋዩ አለ፣ ሟቹ አለ፣ ልጁ አለ» አላት። «ምን ቀረሽ?»

«ገዳዩ።»

«ጠጅቱ፣ ቀልድ አልያዝኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጣቢያው መኪና ይነሳል። የተያዙት ሁሉ ይሄዳሉ፤ ወዴት እንደሆነ ለእኔም አልተነገረኝም። አንዴ ከሄዱ ልጁን ልመልስ ብትዪ ስሙን የምትጠይቂበት ቢሮ አታገኚም።»

«ከዘጠኝ በፊት እመጣለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ኦቦ ኢተፋ ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ያን ዕለት ግን ሁለት መቶ ሞልቷቸው ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኢተፋ» አለች ጎንበስ ብላ።

«አለሁ እንዳልል ልጄ እናንተ ጋ ነው» አሉ። «የመሬቱን ነገር ለምን ጮኽክ ካላችሁ ጮኋል። አልዋሽሽም። ሰው ግን አልገደለም። እስራኤልን ደግሞ እንዴት ብሎ? ቡድኑ ውስጥ አስገብቶ የልጄን ዋሽንት ከሜዳ አንስቶ ለዓለም ያሰማለት እሱ አይደለም?»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣው?»

«ሦስት ተኩል ላይ፤ ከእኔ ጋር ቁርስ በልቶ። ከዚያ ሰልፉ በዚህ ሲያልፍ ደህና መሆኔን ሊያይ ሮጦ ገባ፤ ወጣ። በቃ። በመስኮቱ በኩል ታይቷል አሉ። የቤቴ መንገድ በየት በኩል ሊሆን ነበር?»

ጠጅቱ ቀና ብላ መንገዱን አየች። በእርግጥም ከትልቁ በር ወደ ኦቦ ኢተፋ ቤት የሚወስደው ቀጭን መንገድ ያንን መስኮት ታክኮ ነው የሚያልፈው።

እስራኤል የሞተበት ቤት የኦቦ ኢተፋ የድንች መጋዘን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ተከራይቶ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፈነውና ያቺን አገር ያነጋገረች ቡድኑን እዚያ አቋቋመ። ሥራቸው እንዲህ ነው፦ ልጅ ሳሉ በጌም ቤት ቴሌቪዥን ላይ ተፋጠው የተጫወቷቸውን የድሮ ጌሞች ማጀቢያ ይወስዳሉ። ጥፍር ከምታክል ዕቃ ውስጥ ጢጥ ጢጥ እያለ ይወጣ የነበረውን ዜማ ለቫዮሊን፣ ለክራር፣ ለዋሽንት፣ ለትሮምቦንና ለአኮርዲዮን አቀናብረው እንደ ታላቅ ኦርኬስትራ ይጫወቱታል፤ ይቀርፁታል። አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሲነሱ ግን መቶ አሥር ይመስላሉ። የጎረቤት ላሞች ወተት ጨምረዋል ተብሎ በወረዳው ተወርቷል።

ከሁሉ የታወቀው ሥራቸው «ባለ ፋኖሱ» ነው። ፋኖስ ይዞ በዋሻ ውስጥ የሚሄድ ሰውዬ የነበረበት ጌም ዜማ ነው። ጌሙ መጨረሻ የለውም፤ ዜማውም ያልቅና ራሱን ከመጀመሪያው ይጀምራል። እስራኤል ጠዋት ጠዋት ይህንኑ በአኮርዲዮን ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ሰፈሩ ሰዓት የሚያስተካክለው በእሱ ነበር።

ጠጅቱ ከኮንስታብል ዳኜ ጋር ገባች። ሐኪም አልመጣም፤ መንገድ ዝግ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳትነካ ቆመች። ዳኜ ሰልችቶት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ተዛወረ።

«ዳኜ፣ ይሄ ፍራሽ ምንድን ነው?» አለች በመጨረሻ። በመስኮቱ ልክ የተቆረጠ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«የመንገድ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ውስጥ የሚወትፉት ነው አሉኝ።»

እጇን በፍራሹ ላይ አሸችው። አንድ የመስታወት ቅንጣት የለበትም። ቀጥላ ሦስቱን የማይክሮፎን ማቆሚያዎች አየች። የሁለቱ የብረት እግር አቧራ ለብሷል፤ የሦስተኛው ያብለጨልጫል። ከዚያ መደርደሪያውን አየች፤ አቧራው መሐል አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ቦታ አለ። በመጨረሻ የሟቹ ጭን ላይ ወዳለው አኮርዲዮን ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። እንደ ወናፍ የሚዘረጋው ሆዱ ተዘግቷል። ከላይና ከታች ሁለት ትናንሽ የቆዳ ማሰሪያዎች አሉት፤ ሁለቱም ተቆልፈዋል።

«ጠርተህ አምጣልኝ» አለች። «መጀመሪያ ልጅቷን።»

ሩሃማ የቡድኑ ቫዮሊን ተጫዋች ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቷ። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ» አለቻት ጠጅቱ።

«ተጣላን። የሠርግ ባንድ ልገባ ነው አልኩት፤ ‹ግቢ፣ ሙሽራ ሲቆርጥ ኬክ ትበያለሽ› አለኝ። እንዲህ ነው ሁሌም። ማታ ግን ራሱ ደወለ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ነገ ጠዋት አንድ ሰው የምጠይቀው ነገር አለ፤ ከዚያ ሁላችሁም ትሰማላችሁ› አለኝ። ከተማ ወርዶ ኢንተርኔት ላይ የሆነ ነገር ሰምቶ ነው የተመለሰው። ድምፁ ልክ አልነበረም። ማንን ብለው ‹ነገ› አለኝ።»

«ዛሬ ስትመጪ ምን አየሽ?»

«አራት ከሩብ ይሆናል። ሰልፉ ገና እየጮኸ ነው። ሳህሉ ከቤቱ ወጣ፤ እጁ ደም ነው። ‹ገደሉት› አለኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አላውቅም።»

«እስራኤል ሲለማመድ መስኮቱን ይከፍተው ነበር?»

ሩሃማ በሐዘኗ መሐል ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «እሱ? ፍራሹን ሳይወትፍ አንድ ጣት አይነካም። ሙቀት ሊገድለን ሲል እንኳ ብንለምነው አይሰማም። መኪና ካለፈ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።»

ቀጥሎ ቀራፂው ዮኒ ገባ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኮፍያውን ሲያወልቅ ፀጉሩ አብሮ የሚወልቅ ይመስል በሁለት እጁ ይይዘዋል።

«ማዘር፣ እኔ ቁልፍ ስላለኝ ነው አይደል የምጠረጠረው? ቤቱ ራሱ አይቆለፍም እኮ።»

«ማን ጠረጠረህ? ቅጂዎቹ የት ናቸው?»

«ኮምፒውተሬ ውስጥ። ፓስዎርዱን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። መብራት ከሌለ ደግሞ ኮምፒውተሩ ያው ጠረጴዛ ነው። ለዚያ ነው እኮ እስሬ ጠዋት ራሱ ሲጫወት ነበር የምንለው። ማሽን የለም።»

«መደርደሪያው ላይ ምን ነበር?»

ዮኒ ዞር ብሎ አየ። «ስፒከሯ። በባትሪ የምትሠራው። የሠራነውን ቁጭ ብለን የምንሰማባት። ትናንት ነበረች። የት ሄደች?»

«ስለ ባለ ፋኖሱ ንገረኝ። ደንበኛ ነበራችሁ አሉ።»

«ውጭ አገር ያለ ኦርኬስትራ ነው። ሰማንያ ሰው ናቸው፤ የእኛን ቅንብር ሊጫወቱት። ግን መጀመሪያ ጭቅጭቅ ነበር። ‹ዘገየባችሁ› አሉን። ነገሩ ምን መሰለዎት፣ የኛ አገር ቴሌቪዥን በሰከንድ ሃምሳ ሥዕል ነው የሚያሳየው፤ ጌሙ የተሠራበት አገር ስልሳ ነው። የድሮ ጌም ሙዚቃው ከሥዕሉ ጋር ነው የሚራመደው። ስለዚህ እኛ ያደግንበት ባለ ፋኖሱ ከነሱ ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። እነሱ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅባቸው እኛን ሦስት ደቂቃ ከሠላሳ ስድስት ሰከንድ።»

«እስራኤል ምን አለ?»

«‹የኔ ልጅነት በዚህ ፍጥነት ነው የሄደው፤ ለማንም ብዬ አላስሮጠውም› አለ። ሙጭጭ። ሥራው ሊቀር ነበር፤ ሳህሉ ግን እስሬ ብቻውን በአኮርዲዮን የተቀረፀውን ናሙና ልኮ፣ ጽፎ አስማማቸው። ‹በዝግታው ተቀብለውታል› ብሎ ነገረን። ከሦስት ወር በፊት ነው። የዚያን ቀን እስሬ ሳህሉን ግንባሩን ስሞታል።»

ጠጅቱ ማስታወሻዋ ላይ ምንም አልጻፈችም። ብዕር የምታነሳው ጭንቅላቷ ብቻውን ለማይችለው ነገር ነው።

ሳህሉ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አርባ አምስት ዓመቱ። ኮቱ በሰልፍ መሐል ያለፈ አይመስልም። የቆዳ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሁለት እጁን ጫነበት።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ የት ነበርክ?»

«ከሁለት ተኩል እስከ አራት አህመድ ቁርስ ቤት፤ መንገድ ላይ ነው። ይጠይቁት። አኮርዲዮኑ እስከዚያ ይሰማ ነበር፤ አህመድም ‹ጓደኛህ ዛሬ አልደከመውም› ብሎ ቀልዷል። ሰልፉ ሲመጣ ፈርቼ ለእስራኤል ሮጥኩ። ዘግይቼ ነበር።»

«ባይሳን በመስኮቱ በኩል ያየኸው አንተ ነህ።»

«ልጁን መክሰስ አልፈልግም» አለ ሳህሉ በለሆሳስ። «አየህ ወይ ሲሉኝ አየሁ አልኩ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ራሱን ይረሳል። ይቅርታ ሊደረግለት ይገባል ባይ ነኝ።»

«ትልቅ ልብ አለህ» አለች ጠጅቱ። «ቦርሳህን አስቀምጠው፤ እንዳይከብድህ።»

«አይከብደኝም» አለ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጠጅቱ ወደ ግቢው ስትወጣ፣ ከመጋዘኑ ጋር በምትዋሰነው ክፍል ደጃፍ አንዲት ቀጭን ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የእጅ ሰዓቷን ትነካካለች። ላሊሴ ትባላለች፤ ሯጭ ናት፣ የኦቦ ኢተፋ ተከራይ። በሱሉልታ ሯጭ ከሰው ይበዛል፤ እሷን ግን አቧራዋን እንጂ ጀርባዋን ያየ የለም ይባላል።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ጠጅቱ በኦሮምኛ።

ላሊሴ በአማርኛ መለሰች። «ሰው ሞቶ ስለ ራሴ ማውራት ነውር ነው።»

«አውሪ።»

«ታምሜያለሁ መሰለኝ። የካቲት ላይ ውድድር አለብኝ። ዛሬ መንገድ ስለተዘጋ እዚሁ ገመድ ዘለልኩ። ሁልጊዜም ሳሟሙቅ በእስራኤል አኮርዲዮን ነው የምዘለው፤ ለአንድ ምት አንድ ዝላይ። ዜማው አምስቴ ሲዞር አቆማለሁ። በግድግዳው በኩል ደህና አድርጎ ይሰማል። ዛሬ ሦስተኛው ዙር ላይ ልቤ በጉሮሮዬ ሊወጣ ሆነ። በየቀኑ የምሠራው ነገር ነው፤ እንዴት አቃተኝ?»

«ሰዓትሽ ይመዘግባል?»

«ይመዘግባል።»

«የትናንቱን አሳይኝ።»

«አሥራ ስምንት ደቂቃ። ከትናንት ወዲያም አሥራ ስምንት። ሁሌም ነው።»

«የዛሬውንስ?»

ላሊሴ ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ ሰዓቱን አራገፈችው፤ ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ። «አሥራ አምስት» አለች። «ግን አምስቱንም ዙር ቆጥሬያለሁ። አልተሳሳትኩም።»

«ስንት ሰዓት ላይ ጀመርሽ?»

«ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ።»

ጠጅቱ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «አልታመምሽም። ገመድሽን ይዘሽ ነይ።»

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም በግቢው መሐል ተሰበሰቡ። ኦቦ ኢተፋ ድንጋያቸው ላይ፣ ሩሃማና ዮኒ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሳህሉ ከነቦርሳው በርጩማ ላይ፤ ዳኜ በሩን ይዞ ቆመ። ከሩቅ ጎማ ይቃጠላል፤ ጭሱ በጎጃም መንገድ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠጅቱ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ መሐል አስቀመጠች።

«ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለች። «ባለ ፋኖሱን አላውቀውም። በልጅነቴ ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። አንድ በአንድ ምቱን ሳጥኑ ላይ በጣታችሁ ምቱልኝ፤ ላሊሴ በዚያው ትዘላለች። ሩሃማ፣ አንቺ ጀምሪ።»

ሩሃማ እያለቀሰች መታች። የላሊሴ ገመድ መሬቱን ቧጨረ፤ እግሯ ተረጋግቶ ወጣ፣ ወረደ። ጠጅቱ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሲሞላ አስቆመቻት።

«ስንት ዘለልሽ?»

«መቶ ሃያ።»

ዮኒም መታ። መቶ ሃያ አንድ። ኦቦ ኢተፋ ሳይቀሩ ተጋብዘው መቱ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በግድግዳ የሰሙት ነውና መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

«ሳህሉ።»

«እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም።»

«ኦቦ ኢተፋም አይደሉም።»

ሳህሉ ፈገግ አለና ቦርሳውን በግራ ክንዱ እንዳቀፈ በቀኙ መምታት ጀመረ። ላሊሴ ዘለለች። ከአሥር ዝላይ በኋላ ፊቷ ተለወጠ፤ ሳትቆም ወደ ጠጅቱ ዞረች። ደቂቃው ሲሞላ ገመዱን ጣለችው።

«መቶ አርባ አራት» አለች እያለከለከች። «ይሄ ነው። የዛሬው ይሄ ነው።»

ዮኒ ከወንበሩ ተነሳ። ሩሃማ እጁን ይዛ አስቀመጠችው፤ እሷም ግን ገርጥታ ነበር።

«ቀስ ብዬ ልንገራችሁ» አለች ጠጅቱ። «እኔም ራሴ ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። መጀመሪያ መስኮቱ። እስራኤል ፍራሹን ሳይወትፍ ጣቱን አያነሳም። እየተጫወተ ከነበረ መስኮቱ በፍራሽ ተደፍኗል፤ የተወረወረ ድንጋይ መስታወቱን ቢሰብር ፍራሹ ላይ ነጥሮ ይቀራል። ፍራሹ ግን መስታወት አልነካውም፤ ቀድሞ ተነስቶ ነበር። ስለዚህ ድንጋዩ ሲገባ እስራኤል እየተጫወተ አልነበረም።

«ሁለተኛ አኮርዲዮኑ። ሆዱ ተዘግቶ ማሰሪያዎቹ ተቆልፈዋል። ተቆልፎ የሚጫወት አኮርዲዮን አለ፣ ሩሃማ?»

«የለም» አለች ሩሃማ። «ሲጨርስ ነው የሚቆልፈው። አየር አይገባበትም እኮ።»

«ስለዚህ ሟቹ ጭን ላይ ሌላ ሰው ነው ያስቀመጠው፤ ያውም መሣሪያ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው። ሩሃማ ብትሆን፣ ባይሳ ቢሆን፣ ማሰሪያውን ይፈታ ነበር። ዮኒም በየቀኑ ያየዋል። ቁስሉም የድንጋይ አይደለም፤ ከማይክሮፎን ማቆሚያዎቹ የአንዱን ብረት እግር አንድ ሰው አጥቦታል። በዚህ ቤት ግን ለወራት አቧራ የጠረገ የለም።»

«እና አራት ሰዓት ድረስ ማን ነበር የሚጫወተው?» አለ ዮኒ። «ሁላችን ሰምተናል። መብራት ደግሞ የለም።»

«የጠፋችው ስፒከር በባትሪ ነው የምትሠራው፤ ስልክም ባትሪ አለው። ያ ዜማ ራሱ አልቆ ራሱ ይጀምራል፤ ሰዓታት ቢደጋገም ማንም አይገርመው። ገዳዩ እስራኤልን ሁለት ሰዓት አካባቢ ገደለው፤ ዜማውን ከፈተ፤ ሄዶ ሰው ፊት ቁርስ በላ። ሰልፉ ሲመጣ በጩኸቱ መሐል ገባ፤ ዜማውን ዘጋ፤ ፍራሹን አነሳ፤ ከውጭ ድንጋዩን ወረወረ። ሁሉንም አሰበ። አንድ ነገር ብቻ አላሰበም።»

ሳህሉ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ ፈገግታውን ግን የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ይመስላል።

«የእስራኤል ቅጂዎች በሙሉ ዮኒ ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፈዋል። ገዳዩ እጅ ላይ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ለደንበኛው የላከው የአኮርዲዮን ናሙና። ፍጥነቱ ደግሞ የእስራኤል አልነበረም። ደንበኞቹ በዝግታው አልተስማሙም፣ ሳህሉ። አንተ አስሮጥክላቸው፤ በእስራኤል ስም ላክህ። ለወዳጅህ ‹ተቀበሉት› አልከው፤ እሱም ግንባርህን ሳመህ።»

«ይሄ በስልክ እንኳ የሚሠራ ነው» አለ ዮኒ ለራሱ እንደሚናገር። «ድምፁ ሳይቀጥን ፍጥነቱ ብቻ ይጨመራል።»

«ሦስት ወር ያንኑ ስትሰማ ጆሮህ ያደግክበትን ረሳ» አለች ጠጅቱ። «ዛሬ ጠዋት ስትከፍተው ልዩነቱ አልተሰማህም። ለሰፈሩም አልተሰማውም፤ ሰው ጆሮው ሰልፉ ላይ ነበር። የላሊሴ እግር ግን ተሰማው። የአሥራ ስምንት ደቂቃውን በአሥራ አምስት ጨረሰችና ታምሜያለሁ ብላ ተቀመጠች። ዳኜ፣ ቦርሳውን።»

ሳህሉ አልታገለም። ዳኜ ቦርሳውን ሲከፍት ስፒከሯ በፎጣ ተጠቅልላ ተገኘች፤ የፎጣው አንዱ ጫፍ ቡናማ ሆኗል።



«ስልኬን ሊነጥቀኝ ነበር» አለ ሳህሉ። «ኢንተርኔት ላይ ሰምቶታል። አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ፣ ሐሰት ነው እላቸዋለሁ አለኝ። ሰማንያ ሰው ሊጫወተው። ሰማንያ። ማነው የእኛን አገር ሰው እንዲህ የጠየቀ? ለሠላሳ ስድስት ሰከንድ ብሎ ሁሉን ሊያፈርስ። ገፈተርኩት። አንዴ ብቻ። ብረቱ ላይ ወደቀ።»

«ሐኪም መጥራት ትችል ነበር» አለች ሩሃማ።

«ሞቶ ነበር።»

«ልጄስ?» አሉ ኦቦ ኢተፋ። ድምፃቸውን አላነሱም። «እሱ አልሞተም ነበር። በአንተ ሠርግ ዋሽንት የነፋ ልጅ ነው። እሱን ምን አደረገህ?»

የእስራኤል ሞት የአንድ ግፍተራ ጉዳይ ነበር። የቀረውን ግን ቁርስ እየበላ፣ ሻይ እያማሰለ፣ አስቦበት ነው የሠራው።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ጠጅቱ ሳህሉን ለዳኜ ትታ ወደ ጣቢያው ሮጠች። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት፣ በደንብ ልብስ ጫማ፣ በድንጋይ መሐል፤ ላሊሴ አብራት ሮጣ ልትቀድማት አልቻለችም። ኦቦ ኢተፋ ከኋላ በዱላቸው መጡ።

መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ከኋላው ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ነው፤ ውስጡ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ተረኛው አዛዥ የጉዞውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ገዳዩ ተይዟል፤ አምኗል፤ ምስክር አለ» አለች ጠጅቱ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ይሄን ልጅ አውርድልኝ።»

«አንቺ ፈርሚ እንግዲህ። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።»

ፈረመች። ባይሳ ተጠራ። እጁ ከአንድ ሽበታም ገበሬ እጅ ጋር በፕላስቲክ ገመድ ታስሮ ነበር፤ አንዱ ሲነሳ ሌላውም መነሳት ነበረበት። ፖሊሱ በቢላዋ ገመዱን ሲቆርጠው ሽበታሙ እጁን አሻሽቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

ባይሳ ወረደ። አባቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥርሱን ሳይቀር ቆጠሩት። እሱ ግን ከአባቱ ትከሻ በላይ ጠጅቱን ነበር የሚያየው።

«እኔ ሰው ስላልገደልኩ ነው የወረድኩት?» አላት።

«አዎ።»

«እነሱስ ማንን ገደሉ?»

ጠጅቱ ቢቂላ፣ የመርፌ ቀዳዳ የማያመልጣት ሴት፣ ወደ መኪናው አየች። አርባ ሰው ይሆናሉ። ለአንዳቸውም በስማቸው የተከፈተ ጉዳይ አልነበራትም። አዛዡ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ።

መኪናው ድንጋዩን እየዞረ ወደ እንጦጦ አቀና። ላሊሴ መንገዱ ዳር ቆማ ቀረች። ኦቦ ኢተፋ የልጃቸውን እጅ ያዙ እንጂ «እንሂድ» አላሉትም። ጠጅቱ የማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ወደ ባይሳ ዞረች።

«አጠገብህ የነበረው ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለችው። «የምታውቀውን ሁሉ ስም ንገረኝ። ቀስ ብለህ።»

እሱም ይነግራት ጀመር፤ እሷም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈች።